እባቤ ቆዳውን በቁርጥራጭ እየጣለ ነው፤ ጅራቱ ላይ የቀረውን ልላጠው?

መምህር_ባዮ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ ቡናማ የቤት እባብ አለኝ። ተማሪዎች ከማገዶ ክምር ሥር አግኝተውት በዱላ ሊጨርሱት ሲሉ ነው የተቀበልኳቸው። መርዝ የለውም። ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የድሮ የዓሣ መስታወት ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ላዩ በወንፊት ሽቦ ተከድኗል። የባዮሎጂ ክበባችን ልጆች እየመጡ ያዩታል።

ችግሩ ቆዳ መጣል ላይ ነው። በክረምት ሲጥል ከአፉ እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ካርቶን ላይ ለጥፈው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አሁን በታኅሣሥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ዓይኑ እንደ ወትሮው ደፈረሰና ወደ ሰማያዊ ሄደ። ቀጥሎ ጠራ። ከዚያ ቆዳው ተቆራርጦ መላላጥ ጀመረ። ጀርባው ላይ ደረቅ ቅርፊት አለ። አንገቱ አካባቢ ተሰብስቦ የቀረ አለ። ጅራቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀለበት ሠርቶ ተጣብቋል። ቀኝ ዓይኑም ከግራው ደብዘዝ ብሏል።

በወረንጦ ቀስ ብዬ ልላጠው? ወይስ ልተወው፣ በራሱ ይወጣል? እዚህ ከተማ ስለ እባብ የሚያወራኝ ሰው አጣሁ። የማውቃቸው የእንስሳት ሐኪሞች እባብ ስላቸው ይስቁና ስለ ላም ያወሩኛል።

---

ቡና_በጀበና

እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል ነው የምናውቀው። አንተ እባብ አይተህ ታስታምማለህ 😂 መምህር፣ ልጆቹን ፈተና ላይ እባቡን አምጥተህ እንዳታስፈራራቸው።

---

ከድር_መርካቶ

ቢስሚላህ። ቤት ውስጥ? ሚስትህ ምን አለች?

---

መምህር_ባዮ

@ከድር ላጤ ነኝ። አሁን ምክንያቱ ገባህ።

---

የጅሬን_ልጅ (ጆሃንስበርግ)

መምህር፣ መጀመሪያ ወረንጦውን አስቀምጥ። የቀረውን ረጋ ብለን እንነጋገራለን።

እኔ ጅሬን ነው ያደግኩት፤ አሁን ደቡብ አፍሪካ ነኝ። እዚህ የቤት እባብ የሚያረባ ብዙ ሰው አለ፤ እኔም አለኝ። የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ወቅት አንተ የጻፍከውን ነገር ያላየ እባብ አርቢ የለም።

ለምን መላጥ እንደሌለብህ ልንገርህ። እባብ ቆዳ ሊጥል ሲል አዲሱ ቆዳ ከሥር ያድጋል። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ስስ ፈሳሽ ይገባል። ዓይኑ የደፈረሰውና ቀለሙ የደበዘዘው በዚያ ፈሳሽ ምክንያት ነው። ሁለቱን ቆዳዎች የሚያላቅቃቸውም እሱ ነው። ከዚያ ዓይኑ ይጠራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እባቡ አፉን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ እያሸ ይጀምራል። ቆዳው ከከንፈሩ ይከፈትና ወደ ኋላ እየተገለበጠ ይወጣል። ጤነኛ እባብ ከሆነ አንድ ወጥ ነው የሚወጣው። ተቆራርጦ ከወጣ የሆነ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው እርጥበት ነው። ፈሳሹ ቶሎ ይደርቃል፤ አሮጌው ቆዳ አዲሱ ላይ ይጣበቃል። ደርቆ የተጣበቀውን በጉልበት ስትስብ አዲሱን ቆዳ አብረህ ትገነጥላለህ። እሱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። ይደማል፣ ያመረቅዛል።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ፤ ክዳኑን ብሳው። ለብ ያለ ውሃ ጨምር። ሙቀቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃል። ክንድህን ስታስገባበት ሙቅ ነው ካልክ ለእሱ በዝቷል። ጥልቀቱ የእባቡን ውፍረት ግማሽ ያህል ይሁን፤ ያለ ድካም ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ማድረግ አለበት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆየው። ትተኸው ቡና ልትጠጣ እንዳትሄድ።

ከውሃው ስታወጣው በእርጥብ ፎጣ ያዘው። አጥብቀህ አይደለም፤ በመዳፍህ ውስጥ እንዲያልፍ ብቻ። እሱ ወደ ፊት ሲሄድ ፎጣው ቆዳውን ወደ ኋላ ይይዝለታል። የላላው ሁሉ ራሱ ይቀራል። ያልላላውን ተወው፤ በማግሥቱ ድገመው። አቅጣጫው ሁልጊዜ ከራስ ወደ ጅራት ነው።

ጅራቱን ግን ችላ እንዳትለው። ጀርባ ላይ የቀረ ቅርፊት ብዙ አያስቸኩልም። ጅራት ጫፍ ላይ ቀለበት ሆኖ የቀረ ቆዳ ግን ሲደርቅ እየጠበበ ይሄዳል፤ የደም ዝውውር ያግዳል። ተጥሎ ተጥሎ በላዩ ላይ ከተደራረበ ጫፉ ይጠቁርና ይሞታል። ጫፋቸው የተቆረጠ እባቦች አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው። ከነከርከው በኋላ በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ዙሪያውን ቀስ እያልክ አሽከርክርበት።

ዓይኑን አትንካ። በጥጥም፣ በወረንጦም፣ በፕላስተርም። ኢንተርኔት ላይ በፕላስተር ለጥፈው የሚነቅሉ ታያለህ፤ እንዳትሞክረው።

አሁን አንተ ንገረኝ። በምንድን ነው የምታሞቀው? ወለሉ ላይ ያነጠፍክለት ምንድን ነው? የውሃ ዕቃው ምን ያህላል?

---

መምህር_ባዮ

የጅሬን ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረንጦው ወደ ኪሴ ተመልሷል።

የጅማ የበጋ ሌሊት እንደምታውቀው ነው። ቤቴ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት ጋቢ ለብሼ ነው ጥርሴን የምቦርሸው። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ባለ 60 ዋት አምፖል ወንፊቱ ላይ አድርጌለታለሁ፤ ቀንም ሌሊትም ይበራል። ወለሉ ሰጋቱራ ነው፤ ከሰፈር አናጢ በነጻ ነው የማመጣው። የውሃ ዕቃው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ነው። መደበቂያው የተሰበረ የሸክላ ድስት።

---

አባ_ቢያ

ቆይ ቆይ። ጅማ ላይ እርጥበት አነሰ ነው የምትሉን? ክረምት ላይ አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት ጫማ ሻጋታ የሚያበቅልበት ከተማ? በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት አገር? እባቡ ሌላ በሽታ ይኖርበታል እንጂ እርጥበት አጥሮትስ አይደለም። አዌቱ ወንዝ ዳር ወስደህ ፍታው፤ የሚበቃውን ያህል ይርጠብ።

---

ጫጩት_ፈልፋይ (ጅማ፣ አጂፕ)

አባ ቢያ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ስለ እባብ የማውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አልፈልግም። እርጥበት ግን እንጀራዬ ነው።

ጅማ እርጥብ መሆኗና ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ የመሸከም አቅም ያገኛል። ስለዚህ ያንኑ አየር ውሃ ሳትጨምርለት ብታሞቀው መለኪያው ላይ ያለው በመቶኛ ይወርዳል። በቁጥር ልንገራችሁ። ሌሊት ክፍሉ ውስጥ 12 ዲግሪ ነው፤ እርጥበቱ 80 በመቶ ነው እንበል። ጥሩ ነው። ይህንኑ አየር በአምፖል 30 ዲግሪ አድርሱት። እርጥበቱ ወደ 26 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ውሃው የትም አልሄደም፤ አየሩ ግን የተጠማ ሆነ። ከዚያ ያገኘውን ውሃ ሁሉ ይመጥጣል። ከሳህኑም፣ ከሰጋቱራውም፣ ከእባቡም።

የመፈልፈያ ማሽን ውስጥ የውሃ ትሪ የምናደርገው ለዚህ ነው። 37.5 ዲግሪ ላይ ውሃ ካልጨመርክ በጣም ይደርቃል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እርጥበቱን ከፍ ካላደረግን ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ የውስጡ ስስ ሽፋን ላባዋ ላይ ደርቆ ይይዛታል። መውጣት ያቅታታል። አዲስ ፈልፋይ ሁሉ ያኔ በጣቱ ሊላጥላት ይፈልጋል፤ ደም ያያል። የመምህሩን ጽሑፍ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይሄው ነው።

መምህር፣ በክረምት ለምን ደህና እንደጣለ አሁን ግልጽ ነው። ያኔ አየሩም እርጥብ ነበር፣ አምፖሉም አልነበረም።

መለኪያ ከፈለክ የመፈልፈያ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ትንሿ ዲጂታል አለች፤ ሙቀትም እርጥበትም ታሳያለች። እኔ ጋ ትርፍ አለኝ፣ መጥተህ ውሰድ። እባቡን ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ።

---

አባ_ቢያ

እሺ፣ ይህ ገባኝ። ጫማዬን ግን ማን ይክሰኛል?

---

የጅሬን_ልጅ (ጆሃንስበርግ)

ጫጩት ፈልፋይ ከእኔ በላይ አስረዳው። እኔ ቁጥሩን ልሙላ። ለቤት እባብ በአዘቦቱ 50 በመቶ አካባቢ እርጥበት ይበቃዋል። ዓይኑ ከደፈረሰ ጊዜ ጀምሮ እስኪጥል ድረስ ወደ 60ና 70 ከፍ አድርግለት። ሞቃታማው ጥግ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ከ22 እስከ 25 ይሁን። ጥጎቹ መለያየታቸው ግዴታ ነው፤ እባብ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ከቦታ ቦታ በመሄድ ነው።

አምፖሉን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የለብህም፤ ጅማ በታኅሣሥ ሌሊት ለእሱም ይበርዳል። ግን አነስ ያለ ዋት አድርግና ወደ አንድ ጥግ ውሰደው። ከወንፊቱ ሁለት ሦስተኛውን በመስታወት ቁራጭ ወይም በፕላስቲክ ሸፍነው፤ አምፖሉ አጠገብ ፕላስቲክ አታድርግ፣ ይቀልጣል። የውሃ ዕቃውን ደግሞ ቀይር። እባቡ ሲፈልግ ተጠቅልሎ የሚገባበት ሰፊና ከባድ ሳህን ይሁን። ወደ ሞቃቱ ጎን ጠጋ ብታደርገው ራሱ እየተነነ አየሩን ያረጥብልሃል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን እርጥብ መደበቂያ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ጎኑን እባቡ እንዲገባ ቆርጠህ ጠርዙን በእሳት አለስልስ። ውስጡ ተጨምቆ ውሃ የማያንጠባጥብ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርግ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይረው፤ ካልሆነ ይሸታል። እባቡ ቆዳ ሊጥል ሲል ራሱ ፈልጎ ይገባበታል። ሳጥኑን በሙሉ ከማራስ ይሄ ይሻላል። ሳጥኑ በሙሉ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሆዱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ሳንባውም ይታመማል። በተለይ እናንተ ጋ ክረምት ሲመጣ እርጥብ ጨርቁን ቀንስ።

አንድ ሸካራ ነገርም ይኑረው። ድንጋይ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት። አፉን የሚያሽበት ካጣ ከየት ይጀምር?

---

ዋንዛ_ጠራቢ

አናጢ ነኝ፣ ልግባ። መምህር፣ ሰጋቱራው የምን እንጨት ነው? እኔ የቁም ሣጥን ስሠራ ጽድ እጠቀማለሁ፤ ብል ስለማይበላው ነው። ብል ያልቻለውን እንስሳ ከሥሩ ተኝቶ ሌት ተቀን ሲያሸተው ደህና ይሆናል?

---

የጅሬን_ልጅ (ጆሃንስበርግ)

ወንድሜ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ። ጽድና መሰል ሽታቸው ጠንካራ የሆኑ እንጨቶች ዘይታቸው የእባብን ሳንባና ቆዳ ያውካል። እዚህም የሴዳር ፍቅፋቂ አትጠቀሙ ነው የሚባለው። ሽታ የሌለው እንጨትም ቢሆን ደረቅ ሰጋቱራ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። ብናኙም አፉ ውስጥ ይገባል። አውጣውና ጋዜጣ ወይም የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፍ። አያምርም፣ ግን ታየዋለህ፤ ሲቆሽሽ ትጥላለህ፤ ትንንሽ ተባይ ካለም ነጭ ላይ ወዲያው ይታያል።

---

መምህር_ባዮ

አናጢው ጋ ደወልኩ። «ጽድም አለ፣ ግራቪሊያም አለ፣ የተገኘው ሁሉ አለ» አለኝ። ወጥቷል። ጋዜጣ ገብቷል።

---

የአልማዝ_ጓዳ

ልጄ፣ እኔ እባብ አልወድም፣ ግን ፍጥረት ነውና አሳዘነኝ። ቆዳው የደረቀ ሰው በቅቤ ይታሻል። ለጋ ቅቤ ትንሽ ብታሸው አይለሰልስም? ቫዝሊንም አለ።

---

ዶክተር_ከብት (የእንስሳት ሐኪም፣ ጅማ)

እትዬ አልማዝ፣ አስበው ነው፣ ግን ቅቤው ለዶሮው ወጥ ይቅር። ቅባት ውሃ አይሆንም። አሮጌው ቆዳ የሚለቀው ውሃ ሲገባው ነው፤ ቅባት ከላይ ከሸፈነው እንዲያውም ውሃው አይገባም። ቅቤ ደግሞ ሙቀት ላይ ይበላሻል፣ ቆሻሻ ይይዛል። ቫዝሊኑም እንደዚያው ነው።

መምህር፣ «ስለ ላም ያወሩኛል» ካልካቸው አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እውነት ነው፣ የምንውለው ከከብት፣ ከበግና ከውሻ ጋር ነው። እባብ በቀን በቀን አይመጣልኝም። ግን ጥቂት ነገር ልጨምር።

ሁልጊዜ እርጥበት ብቻ አይደለም። ቆዳ መጣል የሚያበላሹ ሌሎች ነገሮች አሉ፦ ውሃ ጥም፣ የምግብ እጥረት፣ የቆየ ጠባሳ፣ የውስጥ ጥገኛ ትል፣ የውጭ ተባይ። ያንተ ከዱር የመጣ ነው። ስለዚህ የእባብ ቅማል ካለ ፈልግ። ሚጥሚጣ የማይሞላ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ትልቋ እንኳን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ዓይኑ ዙሪያና አገጩ ሥር ባሉት ቅርፊቶች መካከል ትወሸቃለች። ነጭ እርጥብ ሶፍት ይዘህ ጀርባውን ጥረገው፤ ጥቁር ነጥብ ከተንቀሳቀሰ አገኘሃት። የውሃው ሳህን ታች ላይ የሰመጡ ነጠብጣቦችም ምልክት ናቸው። እባቡ ከውሃው አልወጣ ካለም እንደዚያው።

ካገኘህ ደግሞ የከብት መዥገር መድኃኒት እንዳትረጭበት። ይህን አስምርበት። ቤት ውስጥ ዲያዚኖን ያለው ሰው ብዙ ነው፤ «ለበሬ የሆነ ለእባብ አያንስም» ይላል። ላሙ 300 ኪሎ ነው፤ ያንተ እባብ ክብደቱ ስንት ነው? ቆዳውም እየተላጠ ነው። ትገድለዋለህ። እኔ ጋ ይዘኸው ና፤ እናየዋለን።

ዓይኑን በተመለከተ የጅሬን ልጅ ልክ ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም። በምትኩ ዓይኑን የምትሸፍን አንዲት ጥርት ያለች ቅርፊት አለችው፤ ከቆዳው ጋር አብራ ትጣላለች። የጣለውን የራሱን ቆዳ ቁራጭ ፈልግና ወደ ብርሃን አንሳው። በሁለቱም ዓይን ቦታ ክብ ጥርት ያለ ነገር ካለ ወጥቷል። አንዱ ጋ ቀዳዳ ካለ ቀርቷል ማለት ነው። ከቀረም አትደንግጥ። እርጥበቱ ከተስተካከለ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ቆዳ አብራ ትወጣለች። በወረንጦ የሞከረ ሰው ግን ከሥር ያለችውን አዲሷን አብሮ ይነቅላል፤ እባቡ ዓይኑን ያጣል። ዓይኑ ላይ እጥፋት ብቻ ካየህ የተጣበቀ ቆዳ ላይሆን ይችላል፤ ውሃ ሲጠማውም ይጨማደዳል። ካበጠ ወይም መግል መሰል ነገር ከታየ ግን አትጠብቅ።

በመጨረሻ ለአንተ። እባብ ሳልሞኔላ ይሸከማል፤ እሱን አያመውም፣ ሰውን ያመዋል። የነከርክበትን ዕቃ ለእሱ ብቻ አድርገው። ዕቃ ማጠቢያው ላይ አትጠበው። የክበቡ ልጆች ከነኩ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳምቡሳ።

---

ቡና_በጀበና

ሳህኑ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው አላልክም? እኔ እንግዲህ አንተ ቤት ሻይ አልጠጣም።

---

የጫካ_ሰው (ቦንጋ)

አንድ ጥያቄ ሁሉም ረሳው። መምህር፣ የቤት እባብ መሆኑን በምን አወቅክ? ፎቶ ለጥፍ። በእኛ አካባቢ ሁሉንም «ቡናማ እባብ» የሚል ሰው ብዙ ነው።

«የዓይኑ መሐል ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሆነ መርዛማ ነው፣ ክብ ከሆነ አይደለም» የሚባለውን ካመንክ ተሸውደሃል። የቤት እባብ ራሱ የዓይኑ መሐል ቁመታም ስንጥቅ ነው፤ መርዝ የለውም። የሌሊት እፉኝት የሚባለው ደግሞ ክብ ነው፤ መርዝ አለው። ቡናማ ቤት እባብን የምለየው በጭንቅላቱ ጎን በዓይኑ በኩል በሚያልፉት ገረጣ ያሉ መስመሮችና በሚያብለጨልጨው ልስልስ ቆዳው ነው። ሰውነቱም ቀጭን ነው፤ እንደ እፉኝት አጭርና ድልብ አይደለም።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ደቡብ ምዕራቡ ጫካ ውስጥ የኢትዮጵያ የተራራ እፉኝት አለ። ሌላ አገር የሌለ፣ ቢጫና ጥቁር ቅርጽ ያለው፣ እጅግ የሚያምር። በሳይንስ የተመዘገበው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ናሙናው የተገኘው በመቱና በበደሌ መካከል ነበር። ቆንጆ ነው ብሎ የሚያነሳው ሰው እንዳይኖር። መምህሩ አደረገ ብላችሁ ከቡና ጫካ እባብ አትሰብስቡ።

---

መምህር_ባዮ

ፎቶው ይኸው። መስመሮቹ ይታያሉ። ከመያዜ በፊትም ለሚያውቅ ሰው ልኬ አረጋግጫለሁ።

---

የጫካ_ሰው (ቦንጋ)

አየሁት። የቤት እባብ ነው። አይጥ አዳኝ ነው፤ ገበሬ ቢያውቀው ደሞዝ ይከፍለው ነበር።

---

ሕግ_አዋቂ

ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘት ያስቀጣል። እባብ የዱር እንስሳ ነው። «ከዱላ አስጣልኩት» ጥሩ ምክንያት ነው፤ ፈቃድ ግን አይደለም። ለትምህርት ከፈለጋችሁት በትምህርት ቤቱ ስም ለሚመለከተው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጻፉ። ካልሆነ ከዳነ በኋላ ይለቀቅ።

---

መምህር_ባዮ

ልክ ነህ፤ ማስቀረት ሐሳቤ አልነበረም። ጅራቱና ዓይኑ ሳይስተካከሉ ግን መልቀቁ ከበደኝ። ርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬ ደብዳቤው ይጻፋል። እስከዚያ ባለበት ይታከም።

---

የጅሬን_ልጅ (ጆሃንስበርግ)

ስትለቀው ካገኘኸው ቦታ አትራቅ። ሰው «ጥሩ ጫካ» ብሎ ሩቅ ይወስዳቸዋል፤ መደበቂያውንም አዳኙንም የማያውቁበት ቦታ ነው። ቅማል እንደሌለበትም እርግጠኛ ሁን፤ ካለበት ለሌላው ታካፍላለህ።

---

ሰላማዊት_ሕርማታ

እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር ከመጣበት የሄደበት ይበልጣል።

---

መምህር_ባዮ

ሰላማዊት፣ ይህን በራሴ ነው የፈታሁት። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ እሞላና በጨርቅ ጠቅልዬ ከመስታወቱ ውጪ፣ ጎኑ ላይ አስደግፈዋለሁ። ላዩን በጋቢ እሸፍነዋለሁ፤ አየር የሚገባበት እተዋለሁ። ከሰል ግን አላስገባም፤ ለእሱም ለእኔም ጥሩ አይደለም።

---

ጫጩት_ፈልፋይ (ጅማ፣ አጂፕ)

እኛም ማሽኑ ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው። መለኪያውን መቼ ነው የምትወስደው?

---

መምህር_ባዮ

ወስጃለሁ፣ ገለታ ይግባህ! (ዘግይቼ ነው የመለስኩት፤ የፈተና እርማት ውጦኝ ነበር።)

ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። መለኪያውን መጀመሪያ ስከተው አምፖሉ ሥር 24 በመቶ አነበበ። አባ ቢያ፣ ይህ ላንተ ነው። አምፖሉን ወደ 25 ዋት ቀይሬ፣ ወንፊቱን ሸፍኜ፣ ትልቅ የሸክላ ሳህን አስገብቼ አሁን ከ55 በታች አይወርድም። እርጥብ መደበቂያውን የሠራሁት ከድሮ የምሳ ዕቃ ነው። ባስገባሁለት ማታ ገባበት፤ አልወጣም አለ።

ነከርኩት፣ በፎጣ አሳለፍኩት። የጀርባው በመጀመሪያው ቀን ሄደ። የአንገቱ ትንሽ አስቸገረ። የጅራቱ ቀለበት በጆሮ ጥጥ እየዞርኩበት በመጨረሻ ተንሸራቶ ወጣ፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጤነኛ ነው፣ አልጠቆረም። ቅማል ፈልጌ አላገኘሁም። የራሱን ቆዳ ቁራጭ ግን ጋዜጣው መሐል ተቀዳዶ ነው ያገኘሁት፤ የቀኝ ዓይኑ ቦታ በደንብ አይለይም። ዓይኑ አላበጠም፤ አሁንም ትንሽ ደብዛዛ ነው።

ላብላው ወይስ ልጠብቅ?

---

ዶክተር_ከብት (የእንስሳት ሐኪም፣ ጅማ)

ጥሩ ሠርተሃል። ጅራቱ ካልጠቆረ አትጨነቅ። ዓይኑን እስከሚቀጥለው ቆዳ ጠብቅ። አድጎ ያልጨረሰ እባብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጥላል፤ ትልቅ ከሆነ ይዘገያል። ዓይኑ መድፈረስ ሲጀምር እርጥበቱን ወዲያው ከፍ አድርግ። ያኔም ካልወጣ አምጣው፤ እዚህ አለሰልሰን እናየዋለን።

ምግብ አሁን መስጠት ትችላለህ። ዓይኑ በደፈረሰበት ሰሞን ግን አትስጠው፣ አታንሳውም። በዚያን ጊዜ በደንብ አያይም፤ ይደነግጣል፣ ይናከሳል። አይጥ ከሰጠኸውም በሕይወት ያለች አይጥ ትተህ አትሂድ፤ እሷም ትነክሰዋለች። ከየትም የተያዘች አይጥም አትስጠው፤ የአይጥ መርዝ በልታ ሊሆን ይችላል።

---

አባ_ቢያ

24 በመቶ! ጅማ ውስጥ! እሺ ተሸነፍኩ።

---

ሙዝ_ተራ

ዶክተር፣ ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅዎ። እኔ ኤሊ አለችኝ። ድንጋይ ልብሷ ላይ ትንሽ እየተላጠ ነው፣ እግሯ ላይም መዥገር አየሁ። ለበጎቹ የገዛሁት የአይቨርሜክቲን መርፌ ቤት አለ። ትንሽ ልውጋት?

---

ዶክተር_ከብት (የእንስሳት ሐኪም፣ ጅማ)

እንዳትነካት! አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል፤ ትንሽም ቢሆን። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳዋ አጠገብ ያዝና ቀጥ አድርገህ ንቀል፤ ለዚህ ወረንጦ ይፈቀዳል። የድንጋዩ መላላጥ ደግሞ ጤነኛም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዝርያዋ ነው። አዲስ ክር ክፈትና ከላይም ከሥርም አንስተህ ፎቶዋን ለጥፍ፤ እዚያ እመልስልሃለሁ።